«ደረሰ» እና «ደረሰለት»

ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ምን ያህል ይርቃል? ሉል ላይ ክር ዘርግቶ ለሚለካ ሰው መልሱ አንድ ነው፤ 11,500 ኪሎ ሜትር ግድም። የመሬት ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ መንገዱ ከሩቡ ይበልጣል ማለት ነው። አይሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል፤ እንግዲህ ማካፈል የሚያውቅ ሁሉ ጉዞው ወደ 13 ሰዓት እንደሚፈጅ በአንድ አፍታ ያወጣዋል። እዚህ ላይ የሚያከራክር ነገር የለም።

እኛ ግን ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው የጂኦግራፊ ትምህርት ለመድገም አይደለም። ጥያቄያችን ሌላ ነው፤ መንገድ ሲያጥር የሰው ለሰው ዕዳ አብሮ ይለወጣል ወይ? ድሮ «ሩቅ ነኝ፣ ምን ላድርግ?» ያለ ሰው በቂ ምክንያት ነበረው። ዛሬ ከመልካሳ አዳማ፣ ከአዳማ ቦሌ፣ ከቦሌ ዋሽንግተን በአንድ ቀንና በአንድ ሌሊት በሚያልቅበት ዘመን ያ ምክንያት ይሠራል ወይ? ጉዳዩ የፍልስፍና መምህራን ብቻ እንዳይመስለን። ከመካከላችን ለመሄድ ወረቀት የሚያሟላ አለ። እኅቱ የሄደችበት፣ ወንድሟ የቀረባት አለ። ማንም ባይሄድበትም እንኳ «ብሄድስ?» ብሎ ሌሊቱን ያላሰበ ተማሪ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ ጥያቄው የያንዳንዳችን ነው።

እስቲ ከስም እንነሳ። መልካሳ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ የምትገኝ፣ አዋሽ ዳር የተቀመጠች ከተማ ናት። ብዙዎቻችን በእርሻ ምርምር ማዕከሏና በመስኖ በሚለማው ሽንኩርትና ቲማቲም እናውቃታለን። «መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። መሻገሪያ ደግሞ ርቀት ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ ይልቅ አጥርቶ ያስተምራል። ድልድይ ባልነበረበት ዘመን መንገደኛው በበጋ ልብሱን ሰብስቦ፣ በትሩን ተመርኩዞ ወዲያ ማዶ ይሻገር ነበር። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ያው ሰው፣ በዚያው መሻገሪያ፣ ውሃው እስኪጎድል አንድ ቀን ሁለት ቀን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ማዶው ያው ማዶ ነው፤ በዓይን ይታያል፤ ቢጣሩ ያሰማል። መንገዱ ግን ረዝሟል። እንግዲህ ርቀት በሁለት ቦታዎች መካከል ብቻ ያለ ነገር አይደለም፤ በቦታውና በተጓዡ መካከልም አለ ማለት ነው።

አባቶቻችን ይህን ስለሚያውቁ መንገድን የሚለኩት በቀን ነበር። «የግማሽ ቀን መንገድ ነው»፣ «ሦስት ቀን ያስኬዳል» ይላሉ። ዐፄ ምኒልክ በጥቅምት 1888 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነስተው የዐድዋ ጦርነት የተደረገው የካቲት 23 ቀን ነው። በመካከሉ የአምባላጌና የመቀሌ ውጊያ ቢኖርም አምስት ወር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጉዞ ነበር። በዚያ ጉዞ ንጉሡ በበቅሎ፣ ስንቅ ተሸካሚዋ በእግሯ መሄዳቸው እውነት ነው፤ ድካሙ እኩል አልነበረም። ቀኑ ግን ለሁሉም አንድ ነበር። መኳንንቱ ከሰዓት በኋላ ተነስተው ማታውኑ ዐድዋ አይገቡም፤ ማንም የቱንም ያህል ሀብታም ቢሆን ከእንስሳ ጉልበት በላይ መቅደም አይችልም ነበር። ይህችን ነገር አንባቢ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ከዚያ መኪናና ሞተር መጣ። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ አዳማም በዚያ ሐዲድ ላይ ከተማ ሆነች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 የተባለው ጄት መጣ፤ የልደታው አይሮፕላን ማረፊያ ለጄት ስለማይበቃ ቦሌ ተሠራ። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. አየር መንገዱ ከአፍሪካ ቀድሞ ቦይንግ 787ን ተረከበ። በመስከረም 2007 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የአዳማ የፍጥነት መንገድ ተከፈተ። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ «ቀን» ወርዶ «ሰዓት» ሆነ። ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ አሳንሰን ማየትም አይገባንም።

ነገር ግን ሰዓቱም ቢሆን ቀጥ ያለ ክር አይደለም። የአዲስ አበባና የዋሽንግተንን መንገድ እንደገና እንየው። ከዋሽንግተን የተነሳው አይሮፕላን መንገድ ላይ ሳያርፍ በ13 ሰዓት ግድም ቦሌ ይገባል። ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን የሚነሳው ግን በተለያዩ ዓመታት አንዴ በሮም፣ አንዴ በደብሊን፣ አንዴ በሎሜ እያረፈ ነዳጅ ሲሞላ ኖሯል፤ ጉዞውም ከ16 ሰዓት ያልፋል። ለምን ቢሉ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ ክንፍንም ሞተርንም እንደ ቆላ አየር አያግዝም። አይሮፕላኑ ሙሉ መንገደኛ፣ ሙሉ ጓዝና ለ11,500 ኪሎ ሜትር የሚበቃ ነዳጅ በአንድ ጊዜ ተሸክሞ መነሳት ያቅተዋል። ስለዚህ ትንሽ ነዳጅ ይዞ ተነስቶ መንገድ ላይ ይሞላል። ዋሽንግተን ግን ዝቅ ያለች ስለሆነች ከዚያ ሞልቶ ይነሳል፤ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የሰማይ ነፋስም ከኋላ ይገፋዋል።

እንግዲህ ርቀቱ ያው፣ መሄጃው ረጅም፣ መመለሻው አጭር ነው። ተፈጥሮ መመለሻውን ስታቀልልን የሰው ኑሮ ግን ነገሩን ገልብጦታል። የሄደው ሰው ለመመለስ በሰዓት አይቆጥርም። መኖሪያ ወረቀቱ እስኪወጣ፣ የመሄጃው ዕዳ እስኪከፈል፣ የቤት ኪራይ ከደመወዙ እስኪተርፍ፣ ልጆቹ ትምህርት እስኪጨርሱ ይቆጥራል። 13ቱ ሰዓት 13 ዓመት ይሆናል። አይሮፕላኑ ጥፋት የለበትም፤ እሱ በሰዓቱ ይነሳል፣ በሰዓቱም ይገባል። ረጅሙ መንገድ ያለው ከአይሮፕላኑ በሩ ወዲህ ነው።

ይህን የበለጠ የሚያሳይ ሌላ መንገድ እናምጣ። ጂዳ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ወደ ሰሜን ናት፤ ርቀቷ 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በረራው ሁለት ሰዓት ግድም ነው። ወረቀት ያለው ሰው ቁርሱን አዲስ አበባ በልቶ ምሳው ጂዳ ይደርስለታል። ከአርሲ ደጋ ተነስቶ በመልካሳ በኩል ወደ አዳማ የሚወርደው ወረቀት የሌለው ወጣትስ? እሱ በጅቡቲ በረሃ አድርጎ ኦቦክ ይወርዳል፤ በጀልባ ባብ ኤል መንደብን ይሻገራል፤ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ያደቀቃትን የመንን በእግሩና በጭነት መኪና ያቋርጣል። ሳምንት ይፈጅበታል፣ ወር ይፈጅበታል፤ በየመንገዱ የሚይዘውና ገንዘብ አምጣ የሚለው አለ። ጨርሶ የማይደርስም ብዙ ነው፤ ባሕሩም በረሃውም ይመስክር። ለሁለቱ መንገደኞች ጂዳ አንዲት ከተማ ናት። መንገዱ ግን ለአንዱ ሁለት ሰዓት፣ ለሌላው የዕድሜ ልክ ነው።

በኅዳር 2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ ወረቀት የሌላቸውን የውጭ አገር ሰዎች መያዝ ስትጀምር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በአይሮፕላን ተመለሱ። በወራት የተሄደው መንገድ በሁለት ሰዓት ተጠቀለለ። ለመሄድ የተከለከሉት አይሮፕላን ለመመለስ ግን ቶሎ ተገኘላቸው። ቅድም አንባቢ ይያዝልን ያልነው እዚህ ላይ ነው። በዐድዋ ዘመን ቀኑ ለንጉሡም ለተሸካሚዋም አንድ ነበር፤ የዛሬው ሰዓት ግን እንደ ሰው ወረቀትና እንደ ሰው ኪስ ይለያያል። «ዓለም ጠበበች» ሲባል «ለማን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

አሁን ወደ ዕዳው ጥያቄ እንግባ። ዛሬ በሁለት ሩቅ ከተሞች መካከል የሚመላለሱት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ወሬ፣ ገንዘብና ሰው። ወሬ በቅጽበት ይደርሳል። ገንዘብ በደቂቃ ይደርሳል። ሰው ግን የመጨረሻው ነው። ይህ መበላለጥ ምን እንዳመጣ በመርዶ ላይ ይታያል። ቀድሞ ሩቅ አገር ላለ ሰው መርዶ የሚነገረው በወግ ነበር። ወዳጅ ዘመድ ተጠራርቶ፣ እህል እንዲቀምስ ተደርጎ፣ ማልዶ በሰው መካከል ይነገረዋል። ዛሬ በስልክ የተለጠፈች ፎቶ ከሽማግሌዎቹ ትቀድማለች። ልጅየዋ ዋሽንግተን ውስጥ ሥራ ላይ ሆና የእናቷን ሞት ታያለች። 13 ሰዓት ማለት እንኳን ለአርባው ለሰልስትም የሚያደርስ ነው፤ ቲኬትና ወረቀት ቢሟላ ማለታችን ነው። ቀብሩ ግን በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ነው፤ አይጠብቃትም። የቀረው ገንዘብ መላክ ነው፤ ትልካለች። ድንኳኑ ይተከላል፣ እድርተኛው ይበላል፣ ለቀስተኛውም «ልጅዋ ደርሳላታለች» ይላል።

እውነት ደርሳላታለች ወይ? እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ይረዳናል። በአማርኛ «ደረሰ» ስንል መንገዱን ጨርሶ ገባ ማለታችን ነው፤ እንግዳው ደረሰ፣ አይሮፕላኑ ደረሰ። «ደረሰው» ስንል እጁ ገባ ማለት ነው፤ ገንዘቡ ደረሰው። «ደረሰበት» ስንል ክፉ ነገር አገኘው። «ደረሰለት» ስንል ግን በጭንቁ ሰዓት አጠገቡ ተገኘ፣ አዳነው፣ አገዘው ማለት ነው። ግሱ አንድ፣ ትርጉሙ አራት። አየር መንገድ የሚሸጥልን የመጀመሪያውን ነው። ሐዋላ የሚያመጣልን ሁለተኛውን ነው። በ2006 ዓ.ም. ለተመለሱት ልጆች አይሮፕላኑ ደረሰላቸው ወይስ ደረሰባቸው? ከእስር ቤት ለወጣው ደረሰለት፤ ያለውን ሁሉ ሸጦ፣ ዕዳ ገብቶ ሄዶ ባዶ እጁን ለተመለሰው ደረሰበት ብንል ማጋነን አይሆንም። በኪሎ ሜትርና በሰዓት የሚለካው «ደረሰ» ብቻ ነው። ለ«ደረሰለት» መለኪያው ሌላ ነው።

አንዳንዱ ይህን ሲሰማ «ታዲያ ገንዘቡ ምን ተዳው? መድኃኒት የተገዛበት፣ ታናሽ ወንድም የተማረበት ገንዘብ መድረስ አይደለም ወይ?» ይለናል። ትክክል ነው፤ ነው እንጂ! ሁለት ሥራ ሠርታ፣ እንቅልፍ አጥታ የምትልክ ልጅ ከጎረቤት ሆኖ አይቶ እንዳላየ ከሚያልፍ ሰው ይልቅ ቅርብ ናት። እኛ የምንለው ገንዘብ ከንቱ ነው አይደለም። የምንለው ገንዘብ «ደረሰለት»ን የሚሆነው ከጀርባው ሰው ሲኖር ነው፤ ጠርቶ የሚጠይቅ፣ «ምን በላሽ? ማን አስታመመሽ?» የሚል። አለዚያ ለመላኪያው ደረሰኝ የሚቆረጥለት የዕዳ ክፍያ ይሆናል።

ሌላው ደግሞ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለውን ተረት ይጠቅሳል፤ ሩቁን ተውት፣ በቅርቡ እንተያይ ነው ነገሩ። ተረቱ በተተረተበት ዘመን እውነት ነበር፤ ሩቁ ዘመድ ጥሪውን አይሰማም፣ ቢሰማም አይደርስም። ያልሰማ ሰው አይወቀስም። ዛሬ ግን ይሰማል። የአውስትራሊያው ፈላስፋ ፒተር ሲንገር እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ጽሑፍ ርቀት ብቻውን ከዕዳ ነፃ አያወጣም ሲል ተከራክሯል፤ ኩሬ ውስጥ የሚሰጥም ሕፃን ያየ ሰው ልብሴ ይበላሻል ብሎ እንደማያልፍ ሁሉ፣ በሩቅ አገር በረሀብ የሚሞተውንም ማዳን ከቻለ ማዳን አለበት ይላል። እኛ አገር ለዚህ መልስ የሚሆን መራራ ታሪክ አለን። በወሎ ረሀብ ጊዜ ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበረች፤ የአንድ ቀን የመኪና መንገድ። የረሀቡን ጥሪ ዓለም የሰማው ግን በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ነው። በዚያች ሰዓት ከወሎ ይልቅ ለንደን ቀረበች፤ አዲስ አበባ ያለው ቤተ መንግሥት ግን ከለንደን ራቀ። ቅርብ መሆን ብቻውንም እንደማያደርስ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

ይሁን እንጂ ሲንገርን እንዳለ ለመቀበልም ይከብደናል። ሁሉም ቅርብ ከሆነ ሁሉም ይጠራናል። ከጋዛ፣ ከሱዳን፣ ከገዛ አገራችን ከየአቅጣጫው የሚመጣው ጩኸት በአንዲት ስልክ ላይ በየደቂቃው ይደርሳል። ለሁሉም የሚደርስ ፍጡር የለም። ሁሉን ለመስማት የሞከረ ጆሮ ደግሞ ውሎ አድሮ ይደነዝዛል፤ እያየ ያልፋል፣ ጣቱን ስክሪን ላይ እያንሸራተተ «አይ ሰው!» ብሎ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። «ሩቅ አሳቢ፣ ቅርብ አዳሪ» ያሉት አባቶቻችን ይህን አይነቱንም ሰው የሚያውቁት ይመስላል።

ታዲያ መለኪያው ምን ይሁን? እኛ እንዲህ እናስባለን። ጥሪ ሲመጣ ሰው ራሱን መጠየቅ ያለበት «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ብሎ አይደለም። ሰምቻለሁ ወይ? መድረስ እችላለሁ ወይ? እኔ ብቀር ሌላ የሚደርስ አለ ወይ? ሦስቱም ጥያቄዎች ርቀትን አይነኩም። ሰምቶ፣ እየቻለ፣ ሌላ ደራሽ እንደሌለ እያወቀ የቀረ ሰው፣ ዋሽንግተንም ቢኖር መልካሳ፣ ሩቅ ነው። ካልሰማ ወይም ካልቻለ ግን ጎረቤትም ቢሆን ዕዳ የለበትም።

ይህ መለኪያ ወደ ሄዱት ብቻ የሚጠቁም ከመሰለን ተሳስተናል፤ ወደኛም ወደ ተማሪዎቹ ይጠቁማል። ከኛ መካከል የዋሽንግተንን ቲኬት ዋጋ በቃሉ የሚያውቅ አለ፤ ከመልካሳ ወደ አዳማ የሚወስደው የመጨረሻ ሚኒባስ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚያበቃ ግን አያውቅም። ከዋናው መንገድ ገባ ባለ መንደር ሌሊት ምጥ ለያዛት ሴት ያቺ 17 ኪሎ ሜትር ምን እንደምታህል አስቡት። ባጃጅ ያለው ጎረቤት ተኝቷል፤ ይነቃ ይሆን? ለሷ አዳማ ከዋሽንግተን ትርቃለች። እኛም በዶርማችን ማዶ ካለ ወዳጅ ጋር በቴሌግራም እስከ እኩለ ሌሊት ስናወጋ፣ ከላይኛው አልጋ ያለው ጓደኛችን ሁለት ቀን ምግብ ቤት እንዳልወረደ የማናውቅበት ጊዜ አለ። 11,500 ኪሎ ሜትር የተሻገረ ጆሮ አንድ ሜትር ተኩል አቃተው።

ስለዚህ «አትሂዱ» አንልም። መሄድ ኃጢአት አይደለም፤ መቅረትም ጽድቅ አይደለም። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል፤ ነገር ግን ለወንጂ አገዳ፣ ለመልካሳ ሽንኩርት፣ ለአፋር ከብት ደርሶላቸዋል። ባሕር አልደረሰም ብሎ የሚንቀው ገበሬ የለም። የሚሄድም ወዳጃችን ቲኬቱን ሲቆርጥ ከበረራው ሰዓት ጋር ይህንንም ያስላ፤ ማን ቢጠራኝ እሰማለሁ? ለማንስ እደርሳለሁ? የምንቀረውም ማታ በሩን ስንዘጋ ያንኑ እንጠይቅ። ላይኛው አልጋ ያለው ልጅ ራት በልቶ እንደሆነ ጠይቆ ለመተኛት ቪዛ አያስፈልግም።